ወይራ ወይስ ግራቪሊያ?

ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው አቀበት፣ ከተረፉት የድሮ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ፣ ሰኔ ሲጋመስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ችግኝ ይጠብቃል። አትክልተኛው ሁለት ጥቁር ፕላስቲክ ይዞ መጥቷል። አንዱ ግራቪሊያ ነው። ቁመቱ ከወገብ ያልፋል፤ የተሰነጣጠቀውን ቅጠሉን ነፋስ ሲነካው ብርማው የውስጥ ገጹ ብልጭ ይላል። ሌላው ወይራ ነው። ከስንዝር ተኩል አይዘልም፤ ግንዱም ከእርሳስ ይቀጥናል። ሁለቱም የተዘሩት በአንድ ወቅት ነው።

«እማማ፣ ይሄኛውን ይትከሉ። ሦስት ክረምት ሳይሞላው ከአጥሩ በላይ ወጥቶ ያዩታል» አለ አትክልተኛው ግራቪሊያውን ከፍ አድርጎ።

«ያኛውስ፣ ልጄ?»

«ወይራው ለልጅ ልጆችዎ ነው።»

«እነሱስ ጥላ አያስፈልጋቸውም?»

ልጁ ለመሸጥ ብሎ የተናገረው አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው የነገራቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው ዛፍ ሊተክል ያሰበ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው፦ ፈጥኖ የሚደርሰው የውጭ ዛፍ ይሻላል፣ ወይስ ቀስ ብሎ የሚያድገው አገር በቀል? ግራቪሊያና ወይራ ለዚህ ንጽጽር ይመቻሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የኡራኤል አየር ሁለቱም ይበቅላሉ፤ በጠባያቸው ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። እኔ በወይራው ወገን ነኝ፤ ሆኖም ግራቪሊያን ያለ ጥፋቱ መውቀስ አልፈልግም። አገር በቀል ያልሆነ ሁሉ ጠላት ነው የሚለው አነጋገር ችግኝ ለሚገዛ ሰው ምንም አይጠቅመውም።

ፈጣኑ

የግራቪሊያ የትውልድ ቦታ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው፤ ኩዊንስላንድና ኒው ሳውዝ ዌልስ በሚባሉት ግዛቶች በወንዝ ዳርና በዝናባማ ደን ውስጥ ይገኛል። በዚያ እስከ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሻይና ለቡና ተክል ጥላ እንዲሆን ወደ ሕንድና ዛሬ ስሪላንካ ወደምትባለው ሲሎን ተወሰደ፤ በኋላም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተሻገረ። የኬንያ ደገኛ ገበሬ ማሳውን ከጎረቤቱ ማሳ የሚያካልለው በአብዛኛው በዚህ ዛፍ ነው።

ገበሬዎች የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናብና አፈር ከተስማማው በመጀመሪያዎቹ 5 እስከ 10 ዓመታት በየዓመቱ 2 ሜትር ያህል ያድጋል። ቅርንጫፉን ሙልጭ አድርገው ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። የሚያራግፈው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ይይዛል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሥሩ ነው፦ ጥቅጥቅ ያሉ ጸጉራም ዘለላዎች አበጅቶ፣ ሌላ ዛፍ ከሚቸገርበት የደኸየ አፈር ውስጥ ፎስፈረስ መጥጦ ያወጣል። ለዚህ ነው ሕንፃ ተሠርቶ ሲያበቃ በተረፈው ጠጠራማ አፈር ላይ እንኳ የሚጸድቀው። ኡራኤል ውስጥ ደግሞ ግንባታ ያልነካው አፈር ማግኘት እየከበደ መጥቷል።

አበባውም ያምራል። ብርቱካናማና ወርቃማው አበባ በአንድ ወገን ተደርድሮ ሲፈነዳ በውስጡ የአበባ ማር ይሞላል፤ ንቦችና አበባ ቀሳሚ ወፎች ይሻሙበታል። አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ የምናያት፣ ወንዷ በፀሐይ ሐምራዊና አረንጓዴ የምታንጸባርቀው፣ ስሟን ከተከዜ ወንዝ ያገኘችው አበባ ቀሳሚ ወፍ እንዲህ ያለ ሲሳይ አያልፋትም።

ታዲያ ምን ጎደለው? ለሰፊ ማሳ ምንም አልጎደለውም፤ ለጠባብ ግቢ ግን ብዙ ነገር ይጎድለዋል። ቅርንጫፉ ተሰባሪ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ፣ በረዶና ነፋስ ተባብረው ሲመጡ የሚገነጠለው ቅርንጫፍ የሚያርፈው ወይ በቆርቆሮው፣ ወይ በኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ወይም በጎረቤት ግቢ ነው። ቅጠሉ በበጋ ወራት በብዛት ይረግፍና አሸንዳ ይደፍናል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ፈሳሹ አንዳንድ ሰዎችን ቆዳቸውን ያሳክካል፤ ስለዚህ የሚቆርጠው ሰው ጓንት ማድረግና እጅጌውን ማውረድ አለበት። ትልቁ ችግር ግን ቁመቱ ነው። ሦስት ክረምት ሳይሞላው ከአጥር በላይ የወጣው ዛፍ እዚያ ላይ አያቆምም። በ15ኛው ዓመት ባለቤቱ መሰላል፣ ገመድና ቆራጭ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ዛፉን መቁረጥ ከመትከሉ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ወጪ ያስወጣል።

ቀርፋፋው

ወይራ በአዲስ አበባ ምድር ከከተማዋ በፊት የነበረ ዛፍ ነው። ጽድና ወይራ አብረው የሚበቅሉበት ደረቅ የደጋ ደን የሰሜኑንና የመካከለኛውን ኢትዮጵያ ከፍታ ለብዙ ዘመን ሸፍኖ ኖሯል። የእንጦጦ ተራራም የዚሁ ደን ክፍል ነበር። ዛሬ ያ ጥምረት ተሰብስቦ የሚታየው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ፣ እንደ መናገሻ ሱባ ባሉ ጥብቅ ደኖችና ሰው በማይደርስባቸው ገደላገደሎች ነው።

የእኛ ወይራ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ዘይት ከሚጨመቀው ወይራ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ የሚለየው በንዑስ ዝርያው ብቻ ነው። ፍሬው ትንንሽ፣ ሥጋው ስስ በመሆኑ ሰው ዘይት አያወጣበትም። ዛፉ አብዛኛውን ጊዜ 10 እስከ 15 ሜትር ደርሶ ወደ ጎን ይሰፋል። ቅጠሉ ላዩ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ፣ ውስጡ ገረጣ ያለ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አይራገፍም። ድርቅ ይችላል። ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዕድሜው በመቶ ዓመታት ይቆጠራል፤ ሲያረጅ ግንዱ ይቦረቦራል፣ ይጠማዘዛል፣ ግን አይሞትም።

መቼም ወይራን እንደ ዛፍ ብቻ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ የለም። ጠላ ሊጠመቅ ሲል ጋኑ ወይም እንስራው ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ፍም ላይ የተጣለው ቁራጭ ሲጨስ አፉ ይደፋበታል። የወተት ዕቃም እንዲሁ። ጢሱ ሽታውን ከማሳመሩ በላይ ዕቃውን ያጸዳል፣ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። መፋቂያውን ጠዋት በየመንገዱ የሚሸጡ ልጆች ይዘውት ይዞራሉ። የወይራ ዱላ ጥንካሬ በየአገሩ የታወቀ ነው፤ የእርሻ ዕቃ፣ የመጥረቢያ እጀታ፣ ዘነዘና ይሆናል። ዓቢይ ጾም ሲጋመስ የሚከበረው የደብረ ዘይት እሑድ፣ ከጥፋት ውኃ በኋላ ርግቢቱ ለኖኅ ያመጣችው ለምለም ቅጠል፣ እነዚህ ሁሉ ዛፉን ከምእመኑ ልብ ጋር አስተሳስረውታል።

ፍቅሩ ግን አልጠበቀውም። እንዲያውም ጠቃሚነቱ ጎድቶታል። ወይራ ጠንካራ ማገዶና ምርጥ ከሰል ስለሚሆን ከሌላው ዛፍ ቀድሞ ይቆረጣል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ሲከለክል ወይራን አልጨመረም። ሾላ ገበያ ወይም መርካቶ የምንገዛው የማጠኛ ወይራ ከየት ደን እንደመጣ የሚጠይቅ ገዢ አይቼ አላውቅም፤ መጠየቅ ይገባን ነበር። በግቢው አንድ ወይራ ያለው ቤተሰብ ግን በየዓመቱ ከሚገረዘው ቅርንጫፍ ጋኑንም፣ የወተት ዕቃውንም፣ መፋቂያውንም ያገኛል። እንዲህ ዓይነት ጥቅም ከግራቪሊያ አይጠበቅም።

ባሕር ማዶ

ይህን ንጽጽር ከተለመደው «የእኛና የውጭ» ክርክር የሚያወጣው አንድ እውነት አለ። ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ ወደ እኛ ሲመጣ ወይራ ደግሞ ወደ አውስትራሊያ ሄዷል።

ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በኢትዮጵያና በዓረብ ምድር አልፎ እስከ ሂማላያና ቻይና ድረስ የሚገኘው ይኸው ንዑስ ዝርያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲድኒ አካባቢ ለአጥርና የዘይት ወይራ ለማዳቀያ ተተከለ። ከዚያ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየጫካው በተኑት። ጥቅጥቅ ያለው ጥላው ከሥሩ የሚበቅለውን የአገሩን ዕፅዋት ብርሃን ነፍጎ አጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የወይራን ወረራ ለአገር በቀል ዕፅዋት አደጋ ናቸው ከሚላቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። እኛ የምንሳሳለትን ዛፍ እዚያ በመጋዝና በመድኃኒት ያጠፉታል። ግራቪሊያም በተራው ሃዋይ ውስጥ እንደ ወራሪ ይታያል።

ከዚህ የምረዳው የዛፍ ጥሩነትና መጥፎነት በዘሩ ላይ የተጻፈ አለመሆኑን ነው። ወይራ ሲድኒ ላይ ያስቸገረው ፍሬውን የሚበትኑለት ወፎች ሞልተው፣ እድገቱን የሚገቱት ነገሮች ግን ስላልነበሩ ነው። እዚህ ግን ወፉም፣ ነፍሳቱም፣ ሻጋታውም፣ ፍየሉም ለሺህ ዘመናት ያውቁታል። ርግቦች ፍሬውን ይለቅማሉ፣ ንቦች ትንንሹን ነጭ አበባውን ይቀስማሉ፣ ሥሩም ከአፈሩ ጋር የቆየ ስምምነት አለው። በኡራኤል ግቢ የሚተከል ወይራ በጠፋ ደን ውስጥ የነበረውን ግንኙነት በጥቂቱም ቢሆን ይቀጥላል። የግራቪሊያ አበባ ወፍ ይመግባል፤ ይህን አልክድም። በክንፋማ ዘሩ ግን የእኛ ወፎች ይህ ነው የሚባል ሲሳይ አያገኙበትም።

የችኮላ ከተማ

አዲስ አበባ ፈጣን ዛፍ የመረጠችው ዛሬ አይደለም። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ለከተማዋ ስም ሲያወጡ፣ እንጦጦ ላይ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተጨፈጨፈ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የማገዶ እጦቱ ስለበረታ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። ከተማዋን ካተረፏት ነገሮች ዋነኛው በ1887 ዓ.ም አካባቢ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ያስመጣውም ፈረንሳዊው አማካሪ ሞንዶን ቪዳይሌ እንደሆነ በብዙ ጸሐፊዎች ይነገራል። ያ ውሳኔ ልክ ነበር እላለሁ። ወይራ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሕዝብ በብርድ ያልቅ ነበር።

ችግሩ ያኔ በመከራ ጊዜ የተወሰደው ውሳኔ ልማድ ሆኖ መቅረቱ ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካዛንቺስን ሲሠራ እያንዳንዱን ቤት ከነአትክልት ቦታው ነበር የነደፈው። ከነጻነት በኋላ ወደ ቤቶቹ የገባው ነዋሪ ጽጌረዳና ኮክ ተከለ፤ ቆይቶም የፈረንጅ ጽድ፣ ጃካራንዳና ግራቪሊያ ታከለበት። ወይራ ግን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ፣ የገጠር ዛፍ ተብሎ ከበር ውጭ ቀረ።

ለዚህ ምርጫ ሰዎችን መውቀስ ከባድ ነው። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ተብሎ ብዙው የካዛንቺስ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውሯል። የቤት ዕቃ በመኪና ይጫናል፤ የ40 ዓመት ዛፍ ግን አይጫንም። የቤቱን ዕድሜ የማያውቅ ሰው ለ200 ዓመት የሚኖር ዛፍ ትከል ሲባል የሚሰማውን ሁሉም ይረዳዋል። ፈጣን ዛፍ የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ከችኮላ ይልቅ ከሥጋት ነው። ቢያንስ በግራቪሊያው ጥላ ሥር ተቀምጦ ቡና ይጠጣል።

በዚህ ላይ ግን አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ወይራ ጥቅም የሚሰጠው አርጅቶ ብቻ ይመስለናል። በየዓመቱ ውኃ ከጠጣ፣ ከበግና ከፍየል ከተጠበቀ፣ አፈሩም ካልተጠቀጠቀበት፣ የሰው ቁመት አልፎ ለአንድ ወንበር የሚበቃ ጥላ ለመጣል የልጅ ልጅ መጠበቅ አያስፈልገውም። ልጅ ጨቅላ ሳለ የተተከለ ወይራ ልጁ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ቁጥቋጦ፣ ሲመረቅ ዛፍ ይሆናል። ወይራን ያጓተተብን አያያዛችን ጭምር ነው።

ግቢውን መለካት

ዛፍ ከመምረጥ በፊት ሜትር ማውጣት ያስፈልጋል። ኡራኤል ውስጥ ያሉ ግቢዎች ጠባብ ናቸው፤ በውስጣቸው ደግሞ የውኃ ታንከር፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የሰርቪስ ቤቶች ጣሪያና የጎረቤት ግንብ ይጋፋሉ። ግራቪሊያ ከቤትም ከአጥርም ቢያንስ 6 ሜትር ካልራቀ ወደፊት ጣጣ ማምጣቱ አይቀርም። ይህን ያህል ባዶ ቦታ ያለው ግቢ ስንት ነው? ወይራ በ3 ሜትር ርቀት ይኖራል፤ በመግረዝም በተፈለገው ቁመት ይያዛል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በግቢው ላይ ካለፈ ወይራ ነው፤ ይህ ላይ ክርክር የለኝም።

ስለ ፀሐይም ላንሣ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነውና። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ኅዳርና ታኅሣሥ ውስጥ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ትላለች። ብርዱ የሚጠናው፣ ሌሊት ውርጭ የሚያሰጋው ያኔ ነው። ስለዚህ እንደ ወይራ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የሚለብስ ዛፍ ከቤቱ በስተደቡብ ተጠግቶ ከተተከለ በብርዱ ወር ፀሐይ ያሳጣል። በምዕራብ በኩል ሲሆን የከሰዓቱን ሐሩር ይጋርዳል፤ ለሳሎን መስኮት ከዚህ የተሻለ መጋረጃ የለም።

አፈሩም ይታይ። ከኡራኤል ወደ ቦሌ እየወረዱ ሲሄዱ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሁለቱም ዛፎች ሥራቸው ውኃ ውስጥ ሲዘፈቅ አይወዱም። እንዲህ ባለው ቦታ ችግኙ ከጉድጓድ ይልቅ ከፍ ተደርጎ በተከመረ አፈር ላይ ይተከል፤ ውኃውም የሚሄድበት ቦይ ይቀደድለት።

ችግኙ ከየት ይምጣ?

ወይራ ለመትከል የወሰነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ችግኝ መሸጫው ላይ ነው። ግራቪሊያ በረድፍ ተደርድሮ ይጠብቀዋል፤ ወይራ ግን ወይ የለም፣ ወይ ከስንዝር አልዘለለም። ምክንያቱ የዘሩ ጠባይ ነው። የግራቪሊያ ዘር ክንፋም፣ ስስና ቶሎ የሚበቅል ነው። የወይራ ዘር በድንጋይ መሰል ቅርፊት ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል፤ ቅርፊቱ ካልተሰበረ ወይም ካልሳሳ ለመብቀል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንዱም ሳይበቅል ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የደከሙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሰ ነጋሽ ናቸው። የጽድና የወይራ ችግኝ ከዘርም ሆነ ከቅርንጫፍ ቁርጥራጭ የሚባዛበትን መንገድ ለዓመታት አጥንተው በዓለም አቀፍ መጽሔቶች አሳትመዋል፤ ስለ ኢትዮጵያ አገር በቀል ዛፎችም ሰፊ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከእርሳቸው ሥራ የምንማረው ወይራ ማባዛት የማይቻል ነገር አለመሆኑን፣ ዕውቀት ብቻ የሚፈልግ መሆኑን ነው። ዘሩን ሳይጎዱ ቅርፊቱን መስበር የሚችል እጅ ያለው ችግኝ ጣቢያ ወይራ አያጣም።

ትግራይ ውስጥ የቤልጅግና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ያደረጉት ጥናትም ለግቢ ባለቤት የሚሆን ምክር ይዟል። ወፎች የወይራን ዘር የሚጥሉት ሊያርፉ በሚመጡበት ቁጥቋጦ ሥር ነው፤ ችግኙም ከሐሩርና ከከብት ተከልሎ በተሻለ ሁኔታ የሚያድገው እዚያው ነው። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ለጋ ወይራ ይጠወልጋል። እንግዲህ ወይራ ሲተከል ከጎኑ ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ፣ ጽጌረዳም ይሁን ጤና አዳም፣ የመጀመሪያዎቹን በጋዎች ጥላ ሊሆነው ይችላል።

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ ሲያስታውቅ፣ ቀኑ በአጋጣሚ የኡራኤል መታሰቢያ ቀን ነበር። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ቀጥሏል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ብዛት ሲቆጠር ችግኝ ጣቢያዎች ቶሎ የሚደርሰውን ማፍላታቸው አይቀርም። በኮሪደሩ ዳር የቆሙት ዘንባባዎች ያምራሉ፤ ጥላቸው ግን ለእግረኛ አይበቃም። 705 ሄክታር ላይ የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ባሕር ዛፉን እያነሣ በአገር በቀል ሲተካ የቆየው የአገር በቀል ዛፎችን ጉድለት ለመሙላት ነው። ችግኝ ከመግዛቱ በፊት የደረሰ ወይራ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ የኡራኤል ሰው ወደዚያ ቢወጣ አይቆጭም። ሩቅ ከሆነበት ደግሞ በአቅራቢያው ያለ ጥንታዊ ደብር ቅጥር ውስጥ አንጋጥጦ ይመልከት።

ምርጫዬ

ግቢው ሰፊ ከሆነ፣ ሽቦ ከሌለበት፣ ጎረቤት ከራቀ፣ አፈሩም የግንባታ ፍርስራሽ ከሆነ ግራቪሊያ ይተከል፤ በየሁለት ዓመቱ ይገረዝ። በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ነገ የት እንደሚሆን የማያውቅ ሰውም ቢተክለው አልፈርድበትም። ከዚህ ውጭ ላለው የኡራኤል ግቢ ሁሉ ወይራ እላለሁ። በጠባብ ቦታ ይኖራል፣ ቆርቆሮ አይሰብርም፣ አሸንዳ እምብዛም አይደፍንም፣ ለወፎች ፍሬ፣ ለጓዳው ጢስ ይሰጣል። ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ደግሞ ቦታቸው ስለማይነቃነቅ ወይራ የመትከል ግዴታቸው ከግለሰቡ ይበልጣል።

አተካከሉ ይህን ይመስላል። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፤ ወርዱም ጥልቀቱም ግማሽ ሜትር። የላይኛው አፈር ለብቻ ተቀምጦ፣ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ይመለስ። ክረምቱ ሲረጋ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ ፕላስቲኩ ተቀዶ (ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ቁጥሩ ቀላል አይደለም) ይተከል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በጋዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ ይጠጣ፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጎመንና ድንች የታጠበበት ውኃ ይበቃዋል፤ የሳሙና ውኃ ግን አይሁን። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የተገዛ በግ አጠገቡ አይታሰር፤ በአንድ ሌሊት የሦስት ዓመት ልፋት ይግጣል። ግንዱ አውራ ጣት እስኪያህል ምንም ቅርንጫፍ አይቆረጥ።

ችግኝ ጣቢያዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ወይራውን በስድስት ወሩ ከግራቪሊያ ጎን አታቁሙት፤ ሁለት ዓመት በትልቅ ፕላስቲክ አቆይታችሁ ጉልበት ሲደርስ ሽጡት። ዋጋው ቢወደድም ገዢ አያጣም። አትክልተኛው ያን ጊዜ ሁለቱን ችግኞች ይዞ ግቢ ሲገባ፣ የቤቱ እመቤት የሚያወዳድሩት ሁለት ዛፍ ይሆናል።